ፈረስ የሚያየው አጥር

የቡሄ ሰሞን ነበር። የሰፈሩ ልጆች ከግጦሹ ማዶ ጅራፍ ያጮኻሉ። ዳማው ፈረሴ የመጀመሪያውን ጅራፍ አንገቱን ቀና አድርጎ አዳመጠ፤ ሁለተኛው ሲጮኽ ደነበረ። ሣሩ እርጥብ ነው፣ ሜዳው ያዳልጣል። እኔ በኩራት ያጠርኩት ባለ እሾህ ሽቦ በአራት ረድፍ ተወጥሯል፤ ከርቀት ግን ሰማይና ሣር እንጂ ሽቦ አይታይም። ፈረሱ ሽቦ መኖሩን ያወቀው ደረቱን ሲወጋው ነው። ላም ብትሆን ወደ ኋላ ትል ነበር፤ እሱ ወደ ፊት ገፋ። የፊት እግሩ በሁለተኛውና በሦስተኛው ረድፍ መካከል ገባ፣ ሽቦውም ከጉልበቱ በታች እንደ መጋዝ ሄደበት። ቁስሉ ለመዳን ሦስት ወር ፈጀ። ጠባሳው ላይ ዛሬም ጠጉር አልበቀለም።

በማግስቱ ፈረሱን ሊጠይቁ የመጡ አንድ የሰፈራችን አዛውንት ሽቦውን በበትራቸው ነካ ነካ አደረጉና፣ «ልጄ፣ ይኼን ያጠርከው ለፈረሱ ነው ለጅቡ?» አሉኝ።

«ኧረ ለፈረሱ ነው አባባ» አልኳቸው።

«እንግዲያው በምን ዓይኑ ይየው?»

ከዚያ ወዲህ ሁለት ግጦሽ አጥሬአለሁ፤ አንዱን አፍርሼም እንደገና ሠርቼዋለሁ። ይህን የምጽፈው ደጋ ላይ አንድ ሁለት ፈረስ፣ ጥቂት ላሞችና በጎች ይዞ፣ ግማሽ ሄክታር የምታህል የሣር መሬቱን ለማጠር ላሰበ ሰው ነው።

አስቀድመው እንስሳውን ይወቁ። ፈረስ ሲደነግጥ መጀመሪያ ይሮጣል፤ ምን እንዳስደነገጠው የሚያጣራው ከሮጠ በኋላ ነው። ዓይኖቹ በጭንቅላቱ ግራና ቀኝ ስለሆኑ ዙሪያውን ከሞላ ጎደል ያያል፤ በቀጥታ ከጀርባውና ከግንባሩ ሥር ያለውን ግን አያይም። ለሚጋልብ ፈረስ ቀጭን ሽቦ የለም ማለት ነው። ስለዚህ የፈረስ አጥር መጀመሪያ መታየት አለበት፤ ጥንካሬው ከዚያ ይከተላል። ላም በሌላ መንገድ ነው የምትመጣው። አጥሩን በትከሻዋ እየገፋች፣ በአንገቷ እያሻሸች ከቀን ወደ ቀን ትፈትነዋለች፤ እሷን የሚመልሳት ያልተነቃነቀ ቋሚ ብቻ ነው። በግ ከሥር ቀዳዳ ይፈልጋል። ፍየልን በአጥር ያቆመ ሰው ካለ ደግሞ ቢነግረኝ ቤቱ ድረስ ሄጄ አያለሁ።

የሽቦ ቁስል ቁስል ብቻ ሆኖ አይቀርም። ከቤት እንስሳት መካከል በመንጋጋ ቆልፍ በቀላሉ ከሚያዙት ፈረስ ግንባር ቀደሙ ነው። በጋሪ ፈረሶች እግርና አንገት ላይ እንደ ዶቃ የተደረደረ እባጭ እያወጣ የሚፈነዳው በሽታም ብዙውን ጊዜ የሚገባው በተላጠ ቆዳ በኩል ነው፤ እንደ ባሕር ዳርና ሞጆ ባሉ ሞቅ ያሉ አካባቢዎች ይበረታል፣ ብርዳማው ደጋ ላይ ይቀንሳል። «እሾህ ሽቦው ርካሽ ነው» የሚል ሰው የሐኪሙን ሂሳብ ይደምርበት።

ጀግኖቻችንን በፈረስ ስም የምንጠራ ሰዎች ነን። ምኒልክን አባ ዳኘው፣ ቴዎድሮስን አባ ታጠቅ፣ አሉላን አባ ነጋ እንላለን። በአዊ የሰባት ቤት አገው ፈረሰኞች ማኅበር ከተመሠረተበት ከ1932 ዓ.ም. ጀምሮ የዓድዋን ድልና የፈረስን ውለታ ሲያስብ ኖሯል፤ በየዓመቱ ጥር 23 ቀን ሜዳው በተሸለሙ ፈረሶች ይሞላል። በቀሩት ቀናት ግን አብዛኛው ፈረስ ችካል ላይ ታስሮ ይውላል፤ ገመዱ ቁርጭምጭሚቱን ሲልጠው ልብ የሚል የለም። አጥር የሚሠራ ሰው ፈረሱን ከዚያ ገመድ እየፈታው ነው።

ወሰንና ልኬት

ጉድጓድ ከመቆፈርዎ በፊት የይዞታ ደብተርዎን ይዘው አዋሳኞችዎን ቦታው ላይ ይጥሩ። የወሰን ችካሉን እነሱ ቆመው እያዩ ይምቱ። አንድ ክንድ የሚያከራክር ቦታ ካለ ያንን ክንድ ለቀው ወደ ውስጥ ያጥሩ፤ ከክስ ይረክሳል። የከብት መንጃ ወይም ወደ ውኃ የሚወስድ የቆየ መንገድ በመሬትዎ ጫፍ የሚያልፍ ከሆነም አይዝጉት። ደብተሩ ላይ ባይኖር እንኳ ከብቶቹ ያውቁታል፤ አጥርዎን በመጀመሪያው በጋ ያፈርሱታል። ጎርፍ የሚወርድበትን ቦታ ክረምት ላይ አይተው ምልክት ያድርጉበት።

የመሬቱ ቅርጽ ኪስዎን ይነካል። ግማሽ ሄክታር፣ በእኛ አነጋገር ሁለት ጥማድ ያህል፣ 50 በ100 ሜትር ቢሆን ዙሪያው 300 ሜትር ነው። ያው ስፋት 25 በ200 ሆኖ ቢረዝም ዙሪያው 450 ሜትር ይሆናል፤ ለአንድ ዓይነት ሣር ግማሽ ያህል ተጨማሪ እንጨት ማለት ነው። ቀጭን ረጅም መሬት ያለው ሰው ሁሉንም ከማጠር ሰፊውን ክፍል ብቻ ቢያጥር ይሻለዋል።

ማዕዘኑን ቀጥ ለማድረግ ገመድ ይበቃል። ከማዕዘኑ ችካል በአንዱ በኩል 3 ሜትር፣ በሌላው በኩል 4 ሜትር ለክተው ምልክት ያድርጉ፤ በሁለቱ ምልክቶች መካከል ያለው ርቀት ልክ 5 ሜትር ሲሆን ማዕዘኑ ቀንቷል። ፈረስ ከአንድ በላይ ካለዎት ግን ማዕዘኑን ሾጣጣ አድርገው አይተዉት። ጉልበተኛው ደካማውን የሚያጣብቀውና የሚራገጠው እዚያ ነው። ሁለት ሦስት ቋሚዎችን በግድም ተክለው ጥጉን ይቁረጡት።

በየ2 ሜትር ተኩል አንድ ቋሚ ቢተክሉ ለ300 ሜትር 120 ቋሚ ያስፈልጋል፤ ለማዕዘን፣ ለበርና ለመደገፊያ አሥራ አምስት ያህል ይጨምሩ። በሦስት ረድፍ ለሚመታ፣ 5 ሜትር ርዝመት ላለው ማገር ደግሞ 180 ይቁጠሩ፤ የሚሰነጠቅና የሚጣመም ስለማይጠፋ 200 ይግዙ።

እንጨቱ

ጥድና ወይራ ለቋሚ አቻ የላቸውም፤ ምስጥም እርጥበትም ቶሎ አይደፍራቸውም። ቆመው ያሉትን ግን አይንኩ፤ መቁረጡ ያስጠይቃል። ከፈረሰ ቤት የወጣ የጥድ ቋሚ ካገኙ ዋጋ ሳይከራከሩ ይውሰዱና ለማዕዘንና ለበር ያስቀምጡት። ለቀረው በምኒልክ ዘመን አገራችን የገባው ባሕር ዛፍ አለ። ለመደበኛው ቋሚ ውፍረቱ ከ10 እስከ 12 ሴንቲ ሜትር፣ ለማዕዘን ከ15 ሴንቲ ሜትር የማያንስ ይምረጡ።

ባሕር ዛፉን ኅዳር ወይም ታኅሣሥ ላይ ያስቆርጡ፣ ዕለቱን ያስልጡ። ቅርፊቱ ያልተላጠ እንጨት ለምስጥ ቤት ከነምግቡ መስጠት ነው። የተላጠውን በጥላ ሥር ድንጋይ ላይ አጋድመው፣ ነፋስ በመካከሉ እንዲያልፍ አራርቀው ይከምሩት። ሁለት ሦስት ወር ይበቃዋል። በፀሐይ የደረቀው ይሰነጠቃል፣ እርጥቡ የተተከለው ደግሞ ሲደርቅ ሚስማሩን ይለቃል።

የሚቀበረውን ጫፍ በእሳት መለብለብ የአባቶች ዘዴ ነው። እኔም አድርጌዋለሁ፤ ትንሽ ይረዳል እንጂ ተአምር አይሠራም። የተቃጠለ የሞተር ዘይት መቀባት ይበልጥ ያቆያል። ነገር ግን የሚቀባው ከመሬት በታች የሚገባውና ከመሬት በላይ እስከ አንድ ስንዝር ያለው ብቻ ይሁን። ፈረስ ሥራ ሲፈታ እንጨት ይግጣል፤ ዘይት የነካውን ማገር እንዲልስ አይተዉት። ቋሚ ቀድሞ የሚበሰብሰው ከጫፉ ሳይሆን አየርና እርጥበት በሚገናኙበት፣ መሬቱ ላይ ባለችው በዚያች ስንዝር ነው። የወደቀ አጥር ካለዎት ነቅለው ይዩት፤ ከታች ደህና ነው፣ ወገቡ ግን አልቋል።

ጉድጓዱና ማዕዘኑ

ለመትከል ጥሩው ጊዜ ከመስከረም መጨረሻ እስከ ጥቅምት ነው። መሬቱ ገና ርሷል፣ ጭቃው ግን ቆሟል። እንጨቱ እንግዲህ ካለፈው በጋ ተዘጋጅቶ መጠበቅ ነበረበት። መጋቢት ላይ በዲጂኖ ደረቅ ዋልካ የቆፈረ ሰው የምለውን ያውቃል።

የቋሚው ጠቅላላ ቁመት 2 ሜትር ከ10 ሳንቲም ይሁን፤ 70ው ይቀበራል፣ 1 ሜትር ከ40ው ከላይ ይቀራል። የማዕዘኑና የበሩ ቋሚ አንድ ሜትር ሙሉ ይግባ፤ ስለዚህ እንጨቱን 2 ሜትር ከ40 አድርገው ይቁረጡ። መጀመሪያ የማዕዘኖቹን ተክለው በመካከላቸው ሲባጎ ይወጥሩ፤ ሌሎቹ ሲባጎውን ሳይነኩ ተጠግተው ይቆማሉ። ወፍራሙ ጫፍ ወደ ታች ነው።

ጉድጓዱን ሰፊ አድርጎ መቆፈር የብዙ ሰው ስሕተት ነው፤ የእኔም ነበር። በአካፋ ሲቆፍሩት አፉ እንደ ድስት ይሰፋል፣ የተመለሰው አፈር ደግሞ እንደ ቀድሞው አይጠናም። በዲጂኖ እየሰበሩ አፈሩን በጣሳ ያውጡት። ለእንጨቱና ለመጠቅጠቂያው ዘንግ ብቻ የሚበቃ ጠባብ ጉድጓድ ይሁን። ከሥር ሁለት እፍኝ ጠጠር ይጨምሩና ቋሚውን ያቁሙ። አፈሩን በአንድ ጊዜ አይድፉት። አራት ጣት ያህል ጨምረው በዘንግ ይጠቅጥቁ፣ ደግመው ይጨምሩ፣ ደግመው ይጠቅጥቁ። ዘንጉ ሲወርድ ድምፁ ከ«ዱፍ» ወደ «ጧ» ሲለወጥ ጠንቷል። በመጨረሻ አፈሩን በቋሚው ዙሪያ እንደ ጉብታ ይከምሩት፣ ዝናቡ ወደ ውጭ እንዲፈስ።

መሬትዎ ዋልካ ከሆነ ነገሩ ይከብዳል። ጥቁር አፈር ክረምት ያብጣል፣ በጋ ይሰነጠቃል፤ ቋሚውንም በየዓመቱ እያወዛወዘ ያወጣዋል። እዚያ ጥልቀቱን ወደ 90 ሳንቲም ያድርሱ፣ እንጨቱንም በዚያው ልክ አስረዝመው ይቁረጡ፤ ጉድጓዱን ባወጡት አፈር ሳይሆን ከሌላ ቦታ ባመጡት ቀይ አፈርና ድንጋይ ይሙሉት።

አሁን ወደ ማዕዘኑ እንምጣ። አጥር የሚወድቀው ከማዕዘኑ ነው፤ በተለይ ሽቦ የሚወጠርበት ከሆነ። የተወጠረ ሽቦ ቀንም ሌሊትም የማዕዘኑን ቋሚ ራስ ወደ አጥሩ ይስበዋል። ስለዚህ ብቻውን አይተዉት። ከማዕዘኑ ቋሚ 2 ሜትር ተኩል ርቆ ሌላ ወፍራም ቋሚ ይትከሉ። ከመሬት አንድ ሜትር ያህል ከፍታ ላይ፣ ከአንዱ ወደ ሌላው ጠንካራ አግዳሚ ያስገቡ፤ አግዳሚው የሚቀመጥበትን ቦታ በሁለቱም ቋሚዎች ላይ በመጥረቢያ ጥቂት ጎድጎድ ያድርጉለት። ከዚያ ለስላሳ ወፍራም ሽቦ ከማዕዘኑ ቋሚ እግር ጀምረው ወደ ሁለተኛው ቋሚ ራስ በሰያፍ አዙረው፣ ደግመው መልሰው ይሰሩት። በሁለቱ የሽቦ መስመሮች መካከል አጭር ዱላ አስገብተው እንደ ገመድ ይጠምዝዙት፣ ሽቦው እስኪጮህ። ዱላውን አግዳሚው ላይ አስረው ይተዉት፤ በሚቀጥለው ዓመት ሲላላ ሁለት ዙር ይጨምሩበታል። በየማዕዘኑ ሽቦው ለሚስብበት ለእያንዳንዱ አቅጣጫ አንድ እንዲህ ያለ ድጋፍ ይኑር። ሰያፉ በተቃራኒው፣ ከማዕዘኑ ራስ ወደ ሁለተኛው እግር ከታሰረ ምንም አይይዝም። ይህን ብዙ አጥር ላይ አይቻለሁ፣ ባለቤቶቹም ለምን እንደዘመመ ይገረማሉ።

ማገርና ሽቦ

ማገሩን በውስጥ በኩል፣ እንስሳው ባለበት ጎን ይምቱ። ለመልክ ብሎ በውጭ የሚመታ አለ፤ ላሟ ስትደገፍ ሚስማሩ ይነቀላል። በውስጥ ከሆነ ግን በደገፈችው መጠን ማገሩን ከቋሚው ጋር ታጣብቀዋለች። የላይኛው ማገር ከመሬት 1 ሜትር ከ35፣ መካከለኛው 95፣ የታችኛው 55 ሳንቲም ላይ ይቀመጥ። የማገሩ መጋጠሚያ ሁልጊዜ ቋሚ ላይ ይውደቅ፤ የላይኛውና የመካከለኛው መጋጠሚያዎች አንድ ቋሚ ላይ አይገናኙ። ሚስማሩ ወደ ውስጥ ወጥቶ ከቀረ በመዶሻ ጨርሰው ይምቱት። የፈረስ ዓይን የሚደርስበት ከፍታ ነው።

በግ ካለዎት ከታችኛው ማገር ሥር በቀጫጭን አጣና ጎን ለጎን ይዝጉት። ገንዘቡ ካልበቃ የላይኛው ማገር ብቻ እንጨት ሆኖ ከሥሩ ያሉት ለስላሳ ሽቦ ይሁኑ። ሽቦውን ቋሚው ላይ የሚይዘውን ባለ ሁለት ጫፍ ጎባጣ ሚስማር እስከ መጨረሻው አይምቱት፤ ሽቦው እንዲንሸራተት ትንሽ ይተዉለት፣ አለዚያ ሲወጥሩት ከዚያ ይቆረጣል። ሲወጥሩ ከሽቦው መስመር ወጣ ብለው ይቁሙ። የተበጠሰ ሽቦ ፊት አይመርጥም።

ባለ እሾህ ሽቦ አስቀድመው አጥረው ከሆነስ? ያፍርሱት አልልም። ከላይ የእንጨት ማገር ይጨምሩ፣ ከጉልበት በታች ያለውን የእሾህ ሽቦ ያውጡ። ማገሩ እስኪመጣ ድረስ ነጭ የማዳበሪያ ከረጢት ቀደው በየሁለት ክንዱ አጥብቀው ሽቦው ላይ ይሰሩ። የሚንጠለጠል ጫፍ አያስቀሩ፤ ጥጃ ፕላስቲክ ያላምጣል፣ የዋጠው ደግሞ ሆዱ ውስጥ ይቀራል።

አንድ ነገር በጥብቅ ልናገር። የኤሌክትሪክ አጥር የሚባለው የራሱ መሣሪያ ያለው፣ አጭር ምት እየላከ የሚያስደነግጥ እንጂ የማይገድል ነው። የቤት መብራት መስመር ሽቦ ላይ ማገናኘት ግን ሌላ ነገር ነው፤ እንስሳውንም፣ አጥሩን የነካውን ልጅም ይገድላል። መሣሪያው ከሌለዎት ነገሩን ይርሱት።

በሩ

ጋሪ የሚያስገባ ከሆነ ሦስት ሜትር ተኩል ይስጡት። ረግረግ በሆነው ዝቅተኛ ቦታ አያስቀምጡት፤ ከብት የሚሰበሰበው በር ላይ ነው፣ ክረምት ሲገባ ጭቃው ጉልበት ይደርሳል። ድንጋይና ጠጠር ቀድመው ይድፉበት። መዝጊያው ወደ ውስጥ ቢከፈት ለሚያስገባው ሰው ይቀላል። መቀርቀሪያው ላይ ይጠንቀቁ። ፈረስ በከንፈሩ መቀርቀሪያ ገፍቶ ይከፍታል፤ የእኔው ዳማ በሁለት ቀን ተምሮታል፣ ሦስተኛው ቀን ላሞቹን ሁሉ አስከትሎ የጎረቤት ጤፍ ውስጥ ተገኘ። ሰንሰለት በሜንጦ፣ ወይም በቋሚው ቀዳዳ የሚያልፍ ረጅም መወርወሪያ ይሻላል።

እንጨት የሚያንስበት አገር

መንዝን የመሰለ ድንጋያማ ደጋ ካብ አለው። ከሥር 80፣ ከላይ 40 ሳንቲም ስፋት፣ አንድ ሜትር ከሃያ ቁመት ያለው ካብ ፈረስ ከሩቅ ያየዋል፣ ምስጥም አይበላውም። የሚጠይቀው ጉልበት ነው፤ ወንፈል ጠርተው በበጋ ይጨርሱት።

ሕያው አጥር ደግሞ ዓመታት ይፈልጋል እንጂ ከሁሉም ያዋጣል። ከእንጨቱ አጥር ውጭ አንድ እርምጃ ርቀው በሰኔ መግቢያ ይትከሉና እንጨቱ ሲያረጅ ሕያው አጥሩ ይረከበዋል። ኮርች ከቅርንጫፉ ተቆርጦ ይበቅላል፤ ሰንሰልም እንደዚያው፣ መራራ ስለሆነ ከብት አይነካውም። ቀጋና አጋም እሾሃቸው በግና ፍየል ይመልሳል። ቁልቋል ከተቆረጠ በኋላ ወተቱ እስኪደርቅ አንድ ሁለት ሳምንት ጥላ ውስጥ ተኝቶ ይቆይ፤ አለዚያ መሬት ውስጥ ይበሰብሳል። የቁልቋልም የቅንጭብም ወተት ዓይን ይጎዳል፤ ሲቆርጡ ልጆቹን ያርቁ። ትሪ ሉሰርን የተተከለ እንደሆነ ለአጥርም ለመኖም ይሆናል። ጉሎን ግን ከግጦሽ ዳር ያርቁ፤ ፍሬው ፈረስ ይገድላል። የወፍ ቆሎም ለከብት መርዝ ነው።

ዙሪያው ከታጠረ በኋላ ውስጡን በቀላል አግዳሚ ለሦስት ቢከፍሉት ሣሩ ያርፋል። አንዱን እያስጋጡ፣ ሁለተኛውን እያሳረፉ፣ ሦስተኛውን ለጥቅምት ድርቆሽ ያቆዩ። ውኃው ከሦስቱም የሚደረስበት ቦታ ላይ ይሁን። በየዓመቱ ክረምት ሲወጣ እያንዳንዱን ቋሚ በትከሻዎ ገፍተው ይዩ። የሚነቃነቀውን በዚያው ሳምንት ይጠግኑት፤ ላሟ ካገኘችው ጎረቤቶቹንም ይዞ ይወድቃል።

አጥሩ ባለቀ ዕለት ፈረሱን ዝም ብለው አይልቀቁት። ልጓም ወይም መሳቢያ ገመድ አድርገው በአጥሩ ውስጥ ዙሪያውን በእግር ይውሰዱት። ማዕዘኑ ላይ ያቁሙት፣ ማገሩን ያሽትት፣ በሩን ይይ። ከዚያ ይፍቱት። ይህን ሁሉ የሚያደርጉት ግን ጠዋት ነው፤ ማታ ላይ አዲስ አጥር ውስጥ ፈረስ አይለቀቅም።